ጥቅማ ጥቅም የምንለው ደመወዝ

ደመወዝ የሚለውን ቃል አባቶቻችን ከደምና ከወዝ ገጥመው እንደ ሠሩት ሲነገር ሰምተን አድገናል። የቋንቋ ሊቃውንት ስለ ቃሉ አመጣጥ የሚሉት ምንም ይሁን ምን፣ ሕዝቡ የሚሰማው እንዲህ ነው፤ ሰው ደሙን አሙቆ፣ ወዙን አንጠፍጥፎ የሚያገኘው ማለት ነው። ከዚሁ ቃል አጠገብ ግን ዘመን ያመጣው ሌላ ቃል ተቀምጧል፤ ጥቅማ ጥቅም። ቃሉ እንደ ቅጠላ ቅጠል፣ እንደ ቁሳቁስ ድርብርብ ነው። ድርብርብነቱ ብዛትን ቢያመለክትም በጆሮ ላይ የሚያሳድረው ስሜት ቀለል ያለ ነው። ደመወዙ ዋናው ማዕድ፣ ጥቅማ ጥቅሙ ደግሞ ከማዕዱ በኋላ የሚቀርብ ቡና ይመስላል። ቢቀርብ ደስ ይላል፤ ባይቀርብም ጦሙን ያደረ የለም እንላለን።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህች ጽሑፍ የማነሳው ይህ ሁለተኛው ቃል የመጀመሪያውን እንዴት ቀስ በቀስ እየዋጠው እንደ መጣ ነው። ጉዳዩ የአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በጀት ነው። «ታዲያ ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በዚህ አገር የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዱትን፣ በመመገቢያ አዳራሹ ትሪ የሚያጥቡትን፣ ሌሊት ኮሪደር የሚያጸዱትን፣ ከመምህሩ ጎን ተቀምጠው ሕፃናትን ፊደል የሚያስቆጥሩትን ልብ ብሎ የተመለከተ፣ ከመካከላቸው የአገሩን ልጅ አያጣም። እኔም ከእነዚሁ አንዷ ነኝ፤ በአንድ የትምህርት ወረዳ የመምህር ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ልጄም በዚያው ወረዳ ትማራለች። ስለዚህ በጀቱ ሲነበብ በአንድ ጆሮዬ እንደ ሠራተኛ፣ በሌላው እንደ እናት እሰማለሁ፤ ሁለቱ ጆሮዎች ሁልጊዜ አንድ ነገር አይሰሙም።

ነገሩን ለማያውቅ ከሥሩ ልጀምር። አሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር በአንድ መዝገብ የሚከፍላቸው መምህራን የሏትም። ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉት የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከ13,000 በላይ በሆኑ የትምህርት ወረዳዎች ተከፋፍለው ይማራሉ። እዚህ «ስኩል ዲስትሪክት» የሚሉት ይህ ወረዳ የራሱ የትምህርት ቦርድ፣ የራሱ ዋና ኃላፊ፣ የራሱ በጀት አለው። አብዛኞቹ ቦርዶች በነዋሪው ድምፅ ይመረጣሉ። ገንዘቡ ከሦስት ምንጮች ይቀዳል፤ ከአካባቢው ነዋሪ በአብዛኛው በቤትና በመሬት ግብር መልክ፣ ከግዛቱ መንግሥት፣ ከፌዴራሉ መንግሥት። ፌዴራሉ የሚሰጠው በአዘቦቱ ዓመት ከአሥር እጅ አንዱን እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረውን ግዛቱና አካባቢው በተቀራራቢ መጠን ይሸከሙታል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ የት ይሄዳል? ሕንፃ፣ መጽሐፍ፣ ኮምፒዩተር፣ ነዳጅ የሚል ካለ ተሳስቷል። ከመደበኛው ወጪ ከመቶው ወደ 80 የሚጠጋው የሚሄደው ለሰው ነው፤ ለደመወዝና ለጥቅማ ጥቅም። ትምህርት ቤት ማለት ግንቡ ሳይሆን ሰው መሆኑን ከማንኛውም ንግግር ይልቅ የበጀቱ ሰነድ ይመሰክራል። የዚያኑ ያህል ደግሞ፣ ገንዘብ ያጠረ ዕለት መቀነስ የሚቻለው ሰው ብቻ መሆኑን ይኸው ሰነድ ይናገራል። መብራቱን አጥፍቶ፣ ጠመኔውን ቆጥቦ ጉድለት የሞላ ወረዳ የለም።

የበጀት ዓመቱ በአብዛኛው ስፍራ በፈረንጆቹ ጁላይ መባቻ ይጀምራል። ዋና ኃላፊው በክረምቱ ብርድ ረቂቁን ያቀርባል፤ በረዶው ሲቀልጥ ቦርዱ ሕዝቡን ይሰማል፤ ዛፉ ሲያብብ ድምፅ ይሰጣል። በዚሁ ጊዜ በሌላ ክፍል የማኅበራቱና የወረዳው ተደራዳሪዎች የኅብረት ስምምነቱን አንቀጽ በአንቀጽ ይነጋገሩበታል። የመምህራን ደመወዝ በብዙ ስፍራ እንደ መሰላልና እንደ ጎዳና በተሠራ ሰንጠረዥ ይወሰናል። መምህሩ አንድ ዓመት ባገለገለ ቁጥር አንድ እርከን ይወጣል፤ ትምህርቱን ባሻሻለ ቁጥር ወደ ቀጣዩ መስመር ይሻገራል። ማኅበሩና ወረዳው ጭማሪ ሲስማሙ ሰንጠረዡ በሙሉ በመቶኛ ከፍ ይላል። ይህ በግልጽ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ፣ ጋዜጣ የሚያወራው፣ ሁሉም የሚያየው ክፍል ነው። የማይታየው ክፍል የጤና መድኑ ነው።

የጤና መድን ከአሠሪ ጋር ለምን ተቆራኘ? ይህ የማንም ፈላስፋ ሐሳብ አይደለም፤ የጦርነት ልጅ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 የአሜሪካ መንግሥት የዋጋ ንረትን ለመግታት ሲል የደመወዝ ጭማሪን በሕግ ገደበ። የመድንና የጡረታ መዋጮ ግን ከገደቡ ውጭ ተደረገ። ሠራተኛ ያጡ አሠሪዎች ደመወዝ መጨመር ቢከለከሉ በመድን ማባበል ጀመሩ። በ1954 የወጣው የግብር ሕግ ደግሞ አሠሪው ለመድን የሚከፍለው ገንዘብ እንደ ሠራተኛው ገቢ ተቆጥሮ ግብር እንደማይጣልበት በግልጽ አጸና። ከዚያ ወዲህ መድንና ሥራ እንደ ሥጋና ነፍስ ተጣበቁ። እንግዲህ አስተውሉ፤ መድኑ የመጣው በደመወዝ ፋንታ ነው። ሰጪው ሊጨምር ያልቻለውን ደመወዝ ስም ቀይሮ ሰጠው እንጂ በላዩ ላይ ምርቃት አልጨመረለትም።

ይህ መድን ሲጀመር ርካሽ ነበር። ኬ.ኤፍ.ኤፍ. የተባለው የጤና ጉዳይ ጥናት ድርጅት በየዓመቱ በአሠሪዎች ዘንድ በሚያደርገው ቆጠራ መሠረት፣ በ1999 የአንድ ቤተሰብ የመድን አረቦን በአማካይ 5,791 ዶላር ነበር። በ2024 ይኸው አረቦን 25,572 ዶላር ደረሰ። ከዚህ ውስጥ በዚያ ዓመት ሠራተኛው በአማካይ 6,296 ዶላር ከደመወዙ ተቆርጦበታል። ይህ የትምህርት ቤቶች ብቻ ሳይሆን የመላው አገር አሠሪዎች አማካይ ነው፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቶች በሌላ ሰማይ ሥር አይኖሩም። በ25 ዓመት ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ያደገ ነገር በየትኛው መምህር ደመወዝ ላይ ታይቷል?

ብዙ ትልልቅ ወረዳዎች ደግሞ መድኑን የሚገዙት ከኩባንያ አይደለም። እነርሱው ራሳቸው መድን ሰጪ ይሆናሉ። ኩባንያው ካርዱን ያትማል፣ ሐኪሞቹን ይመዘግባል፣ ሒሳቡን ያጣራል፤ የሕክምናውን ዋጋ የሚከፍለው ግን የወረዳው ቋት ነው። ከመጠን በላይ ለሚያልፍ ሕመም ተጨማሪ መድን ይገባል። በአንድ ዓመት ጥቂት ሠራተኞች ካንሰር ቢይዛቸው፣ ጥቂት ሕፃናት ያለ ጊዜያቸው ቢወለዱ ቋቱ ይጎድላል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሁሉም አረቦን ይጨምራል። ይህን ስሰማ እድር ትዝ ይለኛል። እኛ እድርን የምናውቅ ሰዎች የመድንን ምሥጢር ለመረዳት ኢኮኖሚስት አያስፈልገንም። የጎረቤት ሐዘን የሁሉም ወጪ ነው፤ ዛሬ ለእርሱ፣ ነገ ለእኔ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጸደይ ወራት በወረዳችን አዲስ ስምምነት ላይ ተደረሰ ተብሎ ወረቀት ታደለን። በመጀመሪያው ገጽ በደማቁ የተጻፈው የ3 በመቶ ጭማሪ ነበር። በአራተኛው ገጽ፣ ከዕረፍት ቀናትና ከደንብ ልብስ አንቀጽ በኋላ፣ የጤና መድን መዋጮ ስለሚሻሻልበት ሁኔታ አንድ አጭር አንቀጽ ነበረች። አባላቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ድምፅ እንዲሰጡ ተጠየቁ።

በዚያው ሰሞን ለብዙ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዱ አንድ ያገሬ ሰው ወረቀቱን ይዘው መጡ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው የስኳር በሽታ አለባቸው። ጋሼ ይህን ሥራ የያዙት ለደመወዙ ብለው አይደለም፤ ታክሲ ቢነዱ ይሻላቸው እንደነበር ራሳቸው ይናገራሉ። የያዙት ለመድኑ ነው። ከእርሳቸው ጋር የሚነዱትም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው።

«ልጄ፣ አንቺ ከወረቀት ጋር ትግባቢያለሽ፤ እስቲ ይህን አንብቢልኝ» አሉኝ። «ጭማሪ ነው ይላሉ። ጭማሪ ከሆነ መልካም። ግን አራተኛውን ገጽ ሳነበው ልቤ አልተቀበለውም።»

«ጋሼ፣ ልብዎን እንመነውና ሒሳቡን እንሥራ» አልኳቸው።

ሒሳቡን ለእናንተም ላስቀምጠው፤ እንዲቀል ብዬ ቁጥሮቹን ደፍኛቸዋለሁ። የቤተሰብ መድን ጠቅላላ አረቦን በዓመት 24,000 ዶላር ነበር እንበል። ሠራተኛው ከመቶ 15፣ ወረዳው ከመቶ 85 ይከፍላሉ። ስለዚህ የሠራተኛው ድርሻ 3,600፣ የወረዳው 20,400 ዶላር ነው። በሚቀጥለው ዓመት አረቦኑ ወደ 26,000 ዶላር ያድጋል፤ በአዲሱ ስምምነት የሠራተኛው ድርሻ ወደ 18 በመቶ ከፍ ይላል። አሁን ሠራተኛው 4,680 ዶላር ይከፍላል፤ የጨመረበት 1,080 ዶላር ነው።

በዓመት 70,000 ዶላር የሚያገኝ መምህር የ3 በመቶ ጭማሪው 2,100 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ 1,080 ሲቀነስ 1,020 ይተርፈዋል። ጠበበ እንጂ አለ። በዓመት 30,000 ዶላር የሚያገኝ ሾፌርስ? የ3 በመቶ ጭማሪው 900 ዶላር ነው። ከ900 ላይ 1,080 ሲነሳ 180 ዶላር ይጎድለዋል። ደመወዝ ተጨመረለት የተባለው ሰው ካለፈው ዓመት ያነሰ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ጋሼ እርሳሱን አስቀመጡና ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «እንግዲህ ጭማሪው ለእኔ ሳይሆን ለደረሰኙ ነው» አሉ።

ነገሩን ለአንዲት መምህርት ባልደረባዬ ባወራት የሰጠችኝ መልስ ቀላል አልነበረም። «መድኑ ለሁላችንም አንድ ነው» አለችኝ፤ «የእኔ ልጅ ሐኪም ቤት ስትሄድ የሚከፈለውና የሾፌሩ ልጅ ሲሄድ የሚከፈለው እኩል ነው። እኩል ለሚያገኙት ነገር እኩል ማዋጣት ፍትሕ አይደለም ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። በእድርም ሀብታሙና ድሃው እኩል ያዋጣሉ፤ ድንኳኑም፣ ንፍሮውም ለሁሉም አንድ ነውና። ነገር ግን የእድር መዋጮ እኩል መሆኑ የማይጎዳው ትንሽ ስለሆነ ነው። እድርተኞች ከወር ገቢያቸው ሩቡን አምጡ ቢባሉ እኩልነቱ በአንድ ስብሰባ ይፈርስ ነበር። 4,680 ዶላር ለመምህርቱ ከገቢዋ ከመቶ 7 አይሞላም፤ ለሾፌሩ ከመቶ 15 ያልፋል። እኩል ድንጋይ በዝሆንና በአህያ ጀርባ ላይ እኩል አይከብድም።

የቦርዱ ስብሰባ በደረሰ ጊዜ እኔም ሄድኩ። ለሕዝብ አስተያየት ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። በስብሰባው ላይ የወረዳው የፋይናንስ ኃላፊ ሰሌዳ ከፍተው አስረዱ። ንግግራቸው ትሕትና የተሞላ ነበር፤ ቁጥራቸውም ትክክል ነበር። «ለአንድ ዝቅተኛ ተከፋይ ሠራተኛ የምናወጣው ወጪ በዚህ ስምምነት ከደመወዙ ከ6 በመቶ በላይ በሚሆን ገንዘብ ያድጋል» አሉ። በጀርባዬ የተቀመጡ ሰዎች ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። «ውሸት» ያለም ነበር።

ውሸት ግን አልነበረም። ይህን ነው ልብ እንድትሉልኝ የምለምነው። ወደ ሒሳባችን እንመለስ። ወረዳው ለሾፌሩ 900 ዶላር ደመወዝ ጨመረ። የመድን ድርሻው ደግሞ ከ20,400 ወደ 21,320 አደገበት፤ ሌላ 920 ዶላር። በአጠቃላይ ወረዳው ለዚህ አንድ ሰው 1,820 ዶላር ተጨማሪ አወጣ። ይህ ከ30,000 ዶላሩ አንጻር ከመቶ 6 ይበልጣል። ሾፌሩ ደግሞ 180 ዶላር ጎደለበት። አንዱ 1,820 ከፈልኩ ይላል፤ ሌላው 180 ጎደለብኝ ይላል፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። በሁለቱ እውነቶች መካከል ያለው ርቀት ስንት ነው? ልክ 2,000 ዶላር። ይህም አረቦኑ ከ24,000 ወደ 26,000 ያደገበት መጠን ነው። ገንዘቡ ከሰጪው እጅ ወጥቷል፣ ከተቀባዩ እጅ ግን አልገባም። በሁለቱ ራስ ላይ አልፎ ወደ ሆስፒታሉ፣ ወደ መድኃኒት አምራቹ፣ ወደ ሒሳብ አጣሪው ኩባንያ ሄደ። እነዚያ በአዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ ያሉት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተቆጣጡ።

በዚህ አገር የመምህራንና የቦርድ ጠብ ተብሎ የሚነገረው አብዛኛው ነገር በዚህ ዓይን ቢታይ መልኩ ይለወጣል። በ2018 በዌስት ቨርጂኒያ የሆነውን እናስታውስ። በዚያ ግዛት የመምህራን ደመወዝ ከአገሪቱ ዝቅተኛዎቹ አንዱ ነበር። አገረ ገዥው ጂም ጀስቲስ ለመጀመሪያው ዓመት የ2 በመቶ ጭማሪ የያዘ ሕግ ፈረሙ። መምህራኑ ግን የሚያዩት ሌላ ነገር ነበር፤ የግዛቱን ሠራተኞች የሚያቅፈው መድን ወጪው እየናረ ሄዶ ጭማሪውን ሊበላው ነው። ቀደም ሲል የቀረበ አንድ ዕቅድማ ሠራተኞች በስልካቸው የጤና መከታተያ ፕሮግራም እንዲጭኑ፣ ያልጫነ በወር 25 ዶላር እንዲቀጣ የሚል ነበር፤ ቁጣ ሲበዛ ተሰረዘ። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2018 የ55ቱም ካውንቲዎች ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዚያ ግዛት መምህራን በኅብረት የመደራደር መብት አልነበራቸውም፤ አድማውም እንደ ሕገ ወጥ ይታይ ነበር።

የሚያስደንቀው ግን የወጡት መምህራን ብቻ አለመሆናቸው ነው። ሾፌሮችና ምግብ አብሳዮችም አብረው ወጡ። በትምህርት ቤት ምሳ የሚኖሩ ልጆች እንዳይራቡ አድመኞቹ ምግብ እያሸጉ አደሉ። መሪዎቹ በ5 በመቶ ጭማሪ ተስማምተናል፣ ወደ ሥራ ተመለሱ ባሉ ጊዜ ሠራተኞቹ፣ «ሕጉ የታለ? መድኑስ ምን ሆነ?» ብለው አልመለስም አሉ። ዘጠኝ የትምህርት ቀን አለፈ። በማርች 6 የ5 በመቶው ጭማሪ ለመምህራን ብቻ ሳይሆን ለግዛቱ ሠራተኞች ሁሉ ተፈረመ፤ የመድኑን ነገር የሚያጠና ግብረ ኃይልም ተቋቋመ። እነዚያ የተራራ አገር መምህራን ከኢኮኖሚስቶች ቀድመው የተረዱት ነገር፣ የመድን አንቀጽ ያልተነበበበት ጭማሪ ጭማሪ አለመሆኑን ነው።

ተቃራኒውን መንገድ የሄደ ግዛትም አለ። ዊስኮንሲን በ2011፣ በአገረ ገዥ ስኮት ዎከር ዘመን፣ አክት 10 የተባለውን ሕግ አወጣች። ሠራተኞች የጡረታ መዋጮአቸውን ግማሽ ራሳቸው እንዲሸፍኑ ተደረገ። የመምህራን ማኅበራት ሊደራደሩ የሚችሉት በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ብቻ፣ ያውም ከዋጋ ንረት በማይበልጥ ጭማሪ ላይ ሆነ። የጤና መድን ከድርድሩ ጠረጴዛ ተነሳ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በማዲሰን ያለውን የምክር ቤት ሕንፃ ለሳምንታት ሞላው፤ ሕጉ ግን ጸደቀ። ወረዳዎች ከጉድለት ዳኑ ያሉ ነበሩ፤ መምህራን በእጃቸው የሚገባው በአንድ ሌሊት ቀነሰ ያሉም ነበሩ። እነዚህም ሁለቱ እውነት ነበሩ። ነገሩ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ በ2024 እንኳ ፍርድ ቤት ሲያከራክር ነበር።

በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ደግሞ ድምፅ የሌላቸው ትናንሽ ውሳኔዎች አሉ። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ በሳምንት በአማካይ 30 ሰዓት ለሚሠራ ሰው መድን እንዲያቀርብ ያዛል። ሐሳቡ መልካም ነው። አንዳንድ ወረዳዎች ግን የረዳቶችንና የተተኪ መምህራንን ሰዓት ከ30 በታች ወደ ማድረግ ሄዱ። በአንዲት ሰዓት ልዩነት አንዲት ረዳት ከመድን ውጭ ትሆናለች። ማንም አላባረራትም፤ ሰዓቷ ብቻ ተስተካከለ።

እንዲህ ስል የቦርዱን ሰዎች ክፉ ለማድረግ አይደለም። ከመካከላቸው አብዛኞቹ የጎረቤት ሰዎች ናቸው፤ ያገኘኋቸውም ቀን ሥራቸውን ሠርተው ማታ ወረቀት የሚያገላብጡ ናቸው። የቤት ግብር እንዳይጨምር በብዙ ግዛቶች የሕግ ጣሪያ አለባቸው። የተማሪ ቁጥር ሲቀንስ ከግዛቱ የሚመጣው ገንዘብ አብሮ ይቀንሳል፤ ሃያ ልጅ ከሃያ የተለያየ ክፍል ቢጎድል ግን አንድም መምህር መቀነስ አይቻልም። በወረርሽኙ ጊዜ፣ በ2020 እና በ2021 የወጡ ሦስት ሕጎች በጠቅላላው 190 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የፌዴራል ገንዘብ ለትምህርት ቤቶች ሰጥተው ነበር። የአንድ ጊዜ ስጦታ ነበር፤ የመጨረሻው ክፍል ውል የሚታሰርበት ቀነ ገደብ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 አለፈ። በዚያ ገንዘብ አማካሪና ነርስ የቀጠሩ ወረዳዎች ሰዎቹ ቀርተው ገንዘቡ ሲሄድ ጉድጓድ ተቆፈረባቸው። አንድ ጊዜ በሚመጣ ገንዘብ በየዓመቱ የሚመጣ ወጪ መክፈል፣ የዘር እህል ቆልቶ እንደ መብላት ነው።

እንደ እናት የሚሰማው ጆሮዬ የሚያስጨንቀኝም በዚህ ስፍራ ነው። ወረዳው የመድኑን ድርሻ ሁሉ ልሸከም ቢል፣ ገንዘቡ የሚመጣው ከአንድ ስፍራ ነው። የሙዚቃ መምህሩ ቦታ ይታጠፋል፤ ከ22 ልጅ ጋር የምትማረው ልጄ ከ28 ጋር ትማራለች። ስለዚህ «ወረዳው ይክፈል» ብሎ ጮኾ መቀመጥ መልስ አይሆንም። ወረዳው ማለት እኛው ነን።

ታዲያ ምን ይደረግ? ተአምር የለም፤ ጥቂት ቅን ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው፣ የመድን መዋጮ በደመወዝ ልክ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ዝቅተኛ ተከፋዩ ከመቶ ያነሰ፣ ከፍተኛው የበለጠ ይክፈል። ይህን የሚያደርጉ አሠሪዎች አሉ። ሁለተኛው፣ ከጭማሪው ከፊሉን በመቶኛ ሳይሆን በቁርጥ ዶላር መስጠት ነው። ለሁሉም 1,200 ዶላር ሲጨመር ሾፌሩ የአረቦኑን ጭማሪ ተሻግሮ ጥቂት ይተርፈዋል። ሦስተኛው፣ አጎራባች ወረዳዎች በአንድ ቋት ቢገቡ የአንድ ዓመት ሕመም አንዱን ብቻ ነጥሎ አይሰብርም። አራተኛውና ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው፣ የደመወዙን ጭማሪና የመድኑን ጭማሪ በአንድ ገጽ ላይ፣ በእኩል መጠን ፊደል መጻፍ ነው።

እኔም በሦስት ደቂቃዬ ይህንን አራተኛውን ተናገርኩ። ቁጣ አልጨመርኩበትም። የጋሼን ስም ሳልጠራ የ900ውን፣ የ1,080ውንና የ1,820ውን ሒሳብ አስቀመጥኩ። «ሁለታችንም እውነት እየተናገርን ለምን እንደማንስማማ ከዚህ ያዩታል» ብዬ ጨረስኩ። የፋይናንስ ኃላፊው ብዕራቸውን አንስተው ሲጽፉ አየሁ። ጭብጨባ ብዙም አልነበረም።

ስምምነቱ በአባላት ድምፅ አለፈ። መምህራኑ ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ የጠበበም ቢሆን ትርፍ አለው፤ እምቢ ብለው ዓመቱን ያለ ውል እንዲጀምሩ ልፈርድባቸው አልችልም። እኔና ጋሼ የተቃውሞ ድምፅ ሰጥተን ተሸነፍን። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ወረዳውና ማኅበራቱ ስለ መድኑ የሚመክር የጋራ ኮሚቴ ሲያቋቁሙ፣ ከወንበሮቹ አንዱ ከመምህራን ውጭ ላሉት ሠራተኞች ተሰጠ። ሾፌሮቹ ጋሼን መረጡ።

እርሳቸውም በየወሩ ይሄዳሉ። የእንግሊዝኛው ሰነድ ሲከብዳቸው ቀደም ባለው ምሽት አብረን እናነበዋለን። አሁን ተቀናሽ የሚሉትን፣ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣውን ገንዘብ፣ ከእኔ በተሻለ ያስረዳሉ። ባለፈው ስብሰባ አማካሪው ኩባንያ፣ «የጥቅማ ጥቅሙን ወጪ ለመግታት» የሚል ርእስ ያለው ሰሌዳ ሲያሳይ ጋሼ እጃቸውን አውጥተው፣ «ይህ ቁጥር ለእያንዳንዱ የደመወዝ እርከን ተከፍሎ ይምጣልን» ብለው ጠየቁ። አማካሪው ለሚቀጥለው ስብሰባ አዘጋጅቶ እንደሚመጣ ቃል ገባ። ስብሰባው በሚቀጥለው ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው።

በየሥራ ቦታችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲታደላችሁ፣ ወገኖቼ፣ ከአራተኛው ገጽ ጀምራችሁ አንብቡ።